ለዘር የተውኩት ደበርጃን

ያን ቀን ፍኖተ ሰላም ቤታችን ውስጥ የነበርነው እኔ፣ አማቴ፣ አራት ዓመት የሞላት የመጨረሻ ልጄና አንዲቱን ክፍል የተከራየችን አስተማሪ ነን። ባለቤቴ ጅጋ ገበያ ሄዶ ነበር።

የደበርጃኑን ዘር ከአገሯ ያመጣችልኝ አስተማሪዋ ናት። እኔ በጓሮዬ ከጎመንና ከድንች ሌላ አላውቅም። ሲበቅል ቅጠሉም አበባውም ቁርጥ እምቧይ ሆነብኝ። እምቧይ ደግሞ “ይገድላል፣ እንዳትነኩ” እየተባልን ያደግንበት ነው። ፍሬው ጠቁሮ ሲያብረቀርቅ ግን ልቤ አረፈ፤ ወጥ ሠርተንም በላን። አንዱን ፍሬ እንደ ዱባ ለዘር ብዬ ተክሉ ላይ ተውኩት። ከዚያ ወዲያ ዞር ብዬም አላየሁት።

ልብስ እያሰጣሁ ሳለ ልጄ ከጓሮ መጣች። የተገመጠ ቢጫ ፍሬ ይዛለች።

“ይመራል” አለችኝ።

ከእጇ ነጠቅኋት። አማቴ ፍሬውን ተቀብለው አገላብጠው አዩት።

“ይኼማ እምቧይ ነው። አንቺ፣ ውኃ እያጠጣሽ መርዝ ስታሳድጊ ነው የከረምሽው?”

ጾም ነበርና በቤታችን ወተት የለም። እሳቸው ወተት ፍለጋ ወደ ጎረቤት ሮጡ። በጸጥታው ችግር ረፋዱ ላይ መንገድ በመዘጋቱ ባጃጅ አይሠራም፤ ልጄን አዝዬ፣ ፍሬውንም ይዤ በእግሬ ወደ ሆስፒታል ልሄድ ስወጣ አስተማሪዋን በር ላይ አገኘኋት።

“ልጄን ገደልሽብኝ” አልኋት።

ፍሬውን ከእጄ ወስዳ ለሁለት ከፈለችው።

“ለዘር የተውሽው እኮ ነው። ደበርጃን ሲያረጅ ቢጫ ይሆናል።”

“በምን አምንሻለሁ?”

አስተማሪዋ ልጄ የገመጠችበት ላይ ገምጣ፣ ፊቷን አጨማዳ ዋጠችው። ከዚያ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች።

“እንግዲህ ሁለታችንንም ጠብቂን።”

አማቴ ወተቱን ይዘው ሲመለሱ ነገርኋቸው። አስተማሪዋን ቆመው አዩዋት።

“አንቺም በላሽ? በይ፣ ወተቱ ለሁለት ይበቃል።”

ፀሐይ እስክትጠልቅ የልጄን ዐይን አያለሁ፣ የአስተማሪዋን ዐይን አያለሁ። አንዷ ሆዷን ስትነካ ብድግ እላለሁ። ሲመሽ ልጄ ዳቦ ጠየቀችኝ። አስተማሪዋ ተነሥታ ወደ ክፍሏ ገባች። እኔ በሯ ድረስ ሄጄ ሳላንኳኳ ተመለስሁ።

በሳምንቱ ትምህርት ቤት ተዘጋ። ልብስ ላጥብ ወንዝ ወርጄ ሳለሁ አስተማሪዋ በቡሬ በኩል ወደ አገሯ ተሳፈረች። ይቅርታ አልጠየቅኋትም። ስልኳ ከዚያ ወዲህ አይጠራም፤ በመንገዱ ስለሚታገቱት ሰዎች የሚወራውን በሰማሁ ቁጥር እንቅልፍ የለኝም። ያያት ሰው ካለ፣ በደኅና መድረሷን ንገሩኝ።