ያልሰማሁት የእማ ዘሃራ ቃል

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ባሌ ሠላሳ ዓመት አብሮኝ ኖሮ ሳይሰማው ሞተ። ለንስሐ አባቴም ቀላል ቀላሉን እየመረጥኩ ስናዘዝ ኖሬ፣ ይህችን ግን ከሆዴ አላወጣኋትም። አሁን ለእናንተ፣ ፊታችሁን ለማላየው ሰዎች፣ የምነግራችሁ ደፋር ሆኜ አይደለም። ዓይን ዓይኔን የሚያየኝ ስለሌለ ነው። ይህንንም ከወዲሁ እወቁልኝ።

ነገሩን የቀሰቀሰብኝ ጭብጨባ ነው። የሥራ ዘመኔን የጨረስኩት አዲስ አበባ፣ በካንሰር ሕሙማን ክፍል ነው። ጡረታ ከወጣሁ በኋላም ወጣት ነርሶች ስለ ማዳመጥና ስለ ርኅራኄ ሲሠለጥኑ እኔን ይጠሩኛል። ታማሚው ታሪኩን ከየትም ይጀምር፣ አታቋርጡት እላቸዋለሁ። ፋሻ ስትፈቱ ጆሯችሁም ይሥራ እላቸዋለሁ። በቀደም ይህንኑ ተናግሬ ስጨርስ አዳራሹ ሙሉ ተነስቶ አጨበጨበልኝ። አንዲት ልጅ እቅፍ አበባ ሰጠችኝና ማዳመጥን ከማን እንደተማርኩ ጠየቀችኝ። ከልምድ ነው አልኳት። የቱ ልምድ? ቤቴ ገብቼ አበባውን ከቆሻሻ ጋር ደፋሁት፤ በራሴ ተናድጄ እራት ሳልበላ ተኛሁ።

ልምዱ ይኸውላችሁ።

ረሃቡ ወሎን በፈጀበት፣ ንጉሡም ከዙፋን በወረዱበት ጊዜ፣ መካነ ሰላም ውስጥ ባለች አንዲት ትንሽ ጤና ጣቢያ ጀማሪ ነርስ ነበርኩ። የደሴ ልጅ ነኝ። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ነጭ ጋወኔን በየቀኑ እተኩሳለሁ፤ ለውጡን ከእኔ በላይ የሚወድ ሰው በከተማው የለም ብዬ አምናለሁ። ጋዜጣ ከደሴ ሲመጣ ቀድሜ አነባለሁ። የተጨቆነው ሕዝብ ድምፅ ይሰማ እያልኩ ለመምህራኑም፣ ለነጋዴዎቹም፣ ለዘበኛውም እሰብካለሁ። ዘበኛው ድምፁ ቢሰማ የሚፈልገው የቀረበት ደመወዝ እንደሆነ ሲነግረኝ፣ ንቃት ይጎድለዋል ብዬ ታዘብኩት።

እማ ዘሃራ የመጡት በዚያ ሰሞን ነው። ከከላላ በኩል ጎረቤታቸው በበቅሎ ጭኖ አመጣቸውና አውርዶ፣ አላህ ያሽርዎት ብሏቸው ተመለሰ። ሌላ ሰው አልነበራቸውም። ግራ ጡታቸው ላይ የወጣው ነቀርሳ ቆዳውን ቀዶ ቆስሏል። የጤና ጣቢያው ኃላፊ አያቸውና ጊዜው አልፏል፣ ደሴም ቢላኩ መንገድ ላይ ነው የሚቀሩት፣ ቁስሉን እያጠብሽ አቆዪያቸው አለኝ። እኔም በየጠዋቱ በጨው ውሃ እያጠብኩ ፋሻ እቀይር ጀመር። እጄ ጎበዝ ነበር። በእጄ የሚያማኝ ሰው አልነበረም።

የዚያ አገር ሰው ሕመሙን ሲናገር ከሕመሙ አይነሳም። ዝናቡ ከቀረበት፣ በሬው ከሞተበት፣ ሰው ከተሰደደበት ነው የሚነሳው። በየመካከሉ አላህን ያመሰግናል፣ የሰሚውንም ቤተሰብ ደህንነት ይጠይቃል። እኔ ደግሞ ካርድ የምሞላ ሰው ነኝ። መቼ ነው የጀመረሽ ስላቸው፣ «የዘሩ ገብስ የተበላ ጊዜ» አሉኝ። ካርዱ ላይ «ስድስት ወር ገደማ» ብዬ ጻፍኩ። የዘሩን ገብስ ማን በላው ብዬ አልጠየቅሁም። አንዲት ጥያቄ ናት፤ ለመጠየቅ ትንፋሽ አትጨርስም። አልጠየቅሁም። እናቴን ለምታህል ሴትስ «አንቺ» ማለትን ከየት አመጣሁት? አንቱታን በእናቴ ቤት ተምሬ ያደግሁ ሰው፣ ጋወን ስለብስ አንቱታው ወለቀ።

በሦስተኛው ቀን ይመስለኛል፣ እጄ ላይ እስክሪብቶ አይተው እንዲህ አሉኝ።

«ልጄ፣ አንቺ ፊደል ታውቂያለሽ። ኑዛዜዬን ያዢልኝ። መዲና የምትባል ልጅ አለችኝ፤ በሕይወት ካለች ትመጣለች። ስትመጣ አንብቢላት። ሰው አልቀረኝም፣ ምስክሬ አንቺ ነሽ።»

እሺ አልኳቸው። ይህን ስሙኝ፤ እሺ ብያለሁ። ማንም አላስገደደኝም።

ከዚያ በኋላ አራት ጠዋት ተናገሩ። እኔ ፋሻውን ቀይሬ እንደጨረስኩ አልጋቸው አጠገብ ባለችው ዱካ ላይ እቀመጥና ወረቀቴን ጉልበቴ ላይ አድርጌ እጽፋለሁ። የምጽፈው ግን የእሳቸውን ቃል አልነበረም። በከተማው ሰላማዊ ሰልፍ ሊደረግ ነውና ሴቶችን ወክዬ ንግግር እንዳደርግ ታጭቼ ነበር። የምጽፈው ንግግሬን ነበር። «ሰፊው ሕዝብ ለዘመናት አፉ ተለጉሞ ኖሯል» ብዬ ጻፍኩ። በእማ ዘሃራ አልጋ አጠገብ ተቀምጬ፣ እማ ዘሃራ እየተናገሩ፣ ይህን ጻፍኩ። አሁንም ስጽፈው ፊቴ ይግላል። በየመሃሉ እንዴ፣ ውይ፣ እላለሁ። እሳቸውም እኔ አጎንብሼ ስጽፍ ሲያዩ፣ ቃላቸው እየተያዘ መስሏቸው፣ እንድደርስባቸው ዝም ብለው ይጠብቁኝ ነበር። ትንፋሽ ያጠራቸው ሴት ለእኔ እስክሪብቶ ያዝኑ ነበር።

በመጨረሻው ጠዋት ፋሻውን ገና አስሬ ሳልጨርስ ቀኝ እጃቸውን ቁስሉ ላይ አሳረፉና መናገር ጀመሩ። አዲስ ፋሻ ነበር፤ ፋሻ ደግሞ እያለቀብን ነው። «እጅሽን አንሺ፣ ይመረዛል» ብዬ ጮህኩባቸው። አነሱ። ጥቂት ቆይተው ደግመው አሳረፉ። በዚህ ጊዜ አንጓቸውን ይዤ እጃቸውን ብርድ ልብስ ውስጥ ከተትኩት። አልተቆጡኝም። «አብሽሪ» አሉኝ፣ እኔ የታመምኩ ይመስል። በሁለተኛው ቀን ሞቱ። የከተማው ሙስሊሞች ወስደው ቀበሯቸው። እኔም ንግግሬን አደረግሁ፤ ሕዝቡ አጨበጨበ፣ ለኮሚቴም ተመረጥኩ።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ መዲና መጣች። በእግሯ ነው የመጣችው፤ ጀርባዋ ላይ የአንድ ዓመት ሕፃን አዝላለች። እናቷ ሞተው መቀበራቸውን እንደነገርኳት አላለቀሰችም። ሕፃኗን አውርዳ አቀፈቻትና የመጣችበትን በአጭሩ ነገረችኝ። በረሃቡ እናቷ ለዘር የደበቁትን ገብስ እሷ ፈጭታ ለልጆቿ አበላች። እናቷ ሲደርሱባት ደረታቸውን ገልጠው ጡታቸውን ያዙና ያጠባሁሽ ጡት ይፋረድሽ ብለው ረገሟት። በማግስቱ ተለያዩ። እሷ ልጆቿን ይዛ ደሴ መጠለያ ገባች፤ ታላቅየው ልጇ እዚያው ሞተ። የእናቷ ሕመም በጡታቸው መምጣቱንም በመንገድ ሰምታለች። እናቷን የመታው፣ ልጇንም የወሰደው እርግማኑ እንደሆነ ምንም አትጠራጠርም። አሁን የቀረቻት ያቀፈቻት ሕፃን ብቻ ናት።

ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፤ እናቷ ሳይሞቱ እርግማኑን አንስተው እንደሆነ።

እኔ ምን አውቃለሁ? አራት ጠዋት ተነግሮኝ አንድ ቃል አልያዝኩም። አላዳመጥኳቸውም ማለት ነበረብኝ። ይህን ብል እየሰደበችኝ ሰው ትጠይቅ ነበር፤ ዕድል ይኖራት ነበር። እኔ ግን ፈጠርኩ። አዎ፣ ይቅር ብለውሻል፣ መርቀውሻል፣ ሁሉንም ጽፌላቸዋለሁ አልኳት። አንብቢልኝ ስትለኝ ወረቀቱ ከካርዳቸው ጋር ደሴ ተልኳል አልኳት። ደጋግማ በምን ቃል እንዳሉት ስትጠይቀኝ፣ ከሰልፉ ንግግር በማይሻል አማርኛ አንድ ምርቃት ደረደርኩላት። ሰምታኝ ስታበቃ ጠየቀችኝ።

«እጇን ምን ላይ አኑራ ነው ያነሳችልኝ?»

እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው አልኳት።

ፊቷ ያኔ ሲጠወልግ አየሁ። ሕፃኗን መልሳ አዘለችና ቀስ ብላ አንቀልባዋን አጠበቀች።

«በጡት የተረገመ በጡት ነው የሚነሳው። እናቴ ይህን አትስትም። አዝነሽልኝ ነው የዋሸሽኝ፣ አላህ ይስጥሽ» ብላኝ ወጣች። መስኮቱ ጋ ቆሜ የከላላን መንገድ ስትይዝ አየኋት። አልተጣራሁም።

በሦስተኛው ቀን እትዬ የሺ ማሻ ከምትባል መንደር ለቅሶ ደርሳ ተመለሰች። እትዬ የሺ የጤና ጣቢያው ጽዳት ሠራተኛ ናት፤ በየጠዋቱ ወለሉን ስትወለውል እኔም እማ ዘሃራም እንዳለች አንቆጥራትም ነበር። የመዲናን መምጣት ስነግራት ደስ አላት። ኑዛዜውን አነበብሽላት አይደል አለችኝ። ዝም ስላት ወረቀቱ የጠፋ መስሏት፣ ግድ የለም እኔ አልረሳሁትም ብላ መወልወያዋን አቁማ የእማ ዘሃራን ቃል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረችኝ። እኔ እጃቸውን ይዤ ብርድ ልብስ ውስጥ ከመክተቴ በፊት እርግማኑን አንስተው ጨርሰው ነበር። ፋሻው ላይ፣ ጡታቸው ላይ። እትዬ የሺ አይታለች፤ ሰምታለች። ፊደል የማታውቀው ሴት ሰማች፣ ባለ እስክሪብቶዋ ደነቆርኩ።

አሁን ዋናው በደሌ ይመጣል። ያልሰማሁት ይቅርና፣ ከሰማሁ በኋላ ምን አደረግሁ? ከላላ በእግር አንድ ቀን ነው። መዲና የሄደችው ከሦስት ቀን በፊት ነው። እትዬ የሺ፣ ፍቃድ ከጠየቅሽልኝ እኔው ሄጄ እነግራታለሁ አለችኝ። ወለሉን ማን ያጸዳል ብዬ ከለከልኳት። እውነቱ ግን ሌላ ነው። እትዬ የሺ ከሄደች እኔ ያልያዝኩትን ቃል የያዝኩ አስመስዬ መዋሸቴ ሊሰማ ነው፤ የኮሚቴዋ እመቤት ስሟ ሊነሳ ነው። ለዚህ ብዬ ከለከልኳት። ወር ሳይቆይ ለቅስቀሳ ራሴ ከላላ ሄድኩ። በገበያው መሃል ድንጋይ ላይ ቆሜ ስለ ሴቶች እኩልነት ተናገርኩ። መዲና የምትባል ሴት ታውቃላችሁ ብዬ አንድ ሰው አልጠየቅሁም። እንዲያውም እንዳታውቀኝ ሻሼን ወደ ግንባሬ አወረድኩ። በዓመቱ ወደ አዲስ አበባ ተዛወርኩ።

ወጣት ነበርሽ የምትሉኝ አላችሁ። እትዬ የሺም ሽማግሌ አልነበረችም። ጊዜው ክፉ ነበር የምትሉኝም አላችሁ፤ ይህኛውን ሰበብ ከሁሉ አብዝቼ እጠላዋለሁ። የዚያ ዘመን ሰው ሁሉ እጁን ሲታጠብ በጊዜው ነው። ጊዜው ነው እንዴ ያቺ ዱካ ላይ ያስቀመጠኝ? ጊዜው ነው እትዬ የሺን የከለከላት? ከዚያ በኋላ በካንሰር ክፍል ስንቱን አዳምጠሽ የለ፣ ክሰሽዋል የሚለኝም ይኖራል። የማዳምጠው ከርኅራኄ ይሁን ከፍርሃት እኔው አላውቀውም። ሕመምተኛ እጁን ቁስሉ ላይ ባሳረፈ ቁጥር ሥራዬን አቁሜ እጠብቃለሁ፤ ተማሪዎቼ ይህን ትልቅ ጥበብ ነው ብለው ማስታወሻ ይዘውበታል። እጅ የቀማሁ ሴት ነኝ፤ እሱን አልጻፉትም።

መዲና፣ ካለሽ ስሚኝ። አንቺ ከሌለሽም ያኔ ጀርባሽ ላይ የነበረችው ልጅሽ ትስማ፤ እርግማን አለብኝ ብላ ስትፈራ ኖራ ይሆናል። እትዬ የሺ አንድም ሳታጎድል የነገረችኝ የእናትሽ ቃል ይኸው ነው። አንዱም የእኔ አይደለም።

«ቢስሚላሂ። መዲናዬ፣ በዚህ ጡት ረግሜሽ ነበር፤ ይኸው እጄን አኑሬበት በዚሁ ጡት አነሳሁልሽ። ገብሱን ለልጆችሽ ነው ያበላሽው፣ ሐላል ነው። እህል ከልጅ በልጦብኝ የተናገርኩ እኔ ነኝ። ልጆችሽ ይደጉልሽ። አንቺ አውፍ በይኝ።»

ይህ ቃል በዚያን ጠዋት ተፈጽሞ ነበር። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን እርግማን ኖሮብሽ አያውቅም። ልጅሽንም የገደለው ረሃቡ ነው፤ የእናትሽ አፍ አይደለም። በእርግማን ሥር ያኖርኩሽ እኔ ነኝ፣ በዝምታዬ። እናትሽ አውፍ በይኝ ብለው ይቅርታ ጠይቀውሻል፤ ለእሳቸው ስጪ። እኔ አልጠይቅሽም።