ያልተባለው ተመስገን

ደምለው ደስታውን መደበቅ አይችልበትም። ደባርቅ ውስጥ የቱሪስት ጓዝ ከሚጭኑ ባለበቅሎዎች ሁሉ እንደሱ ፊቱ የሚያሳብቅበት የለም። ካርታ ሲይዝማ አይጣል ነው! ጥሩ ካርታ ከደረሰው ሳያስበው ከአፉ «ተመስገን» ይወጣል፤ ይኼኔ በጤናዬ አረቄ ቤት የተቀመጠው ተጫዋች ሁሉ እየሳቀ ካርታውን ጥሎ ከዙሩ ይወጣል።

ፖከርን ያመጣባቸው ዋሴ የሚባል ባለበቅሎ ነው። ተራራው ላይ፣ ሳንቃ በር ከሚባለው ማደሪያ፣ ዝናብ ካገታቸው ፈረንጆች ተማረና፣ ክረምት ገብቶ እንግዳ ሲጠፋ ሥራ የፈቱትን ሰብስቦ አስተማረ። እያንዳንዱ ሁለት ካርታ ደብቆ ይይዛል፤ አምስት ደግሞ ለሁሉም ጠረጴዛው ላይ ይገለጣሉ፤ ከነዚያ ጋር የተሻለ ጥንድ የሠራ ይበላል። የሚቆምሩት በባቄላ ነው። አንድ ፍሬ ባቄላ ማለት ከመስቀል በኋላ የሚደርስ አንድ የጭነት ተራ ማለት ነው። ተራውን ያስበላ፣ በቅሎውን አስሮ እየቀለበ የሌላው ሲጫን ያያል። ደምለው የበጋውን ተራ ከሞላ ጎደል አስበልቶታል። ሚስቱ አልጣሽ ይህን አታውቅም። የሚጭንባት በቅሎ ደግሞ የአልጣሽ ናት፤ አባቷ ሲድሯት የሰጧት። ቤቱ የሚተዳደረውም በበቅሎዋ ጀርባ ነው።

የፍልሰታ ጾም በተፈታ ማግስት፣ ከቀትር በኋላ፣ ደምለው የደረሱትን ሁለት ካርታዎች ጫፋቸውን ገለጥ አድርጎ አየ። ሁለት አስ፣ ከካርታ ሁሉ የሚበልጠው! ቃሉ ምላሱ ላይ ደርሶ ነበር፤ ከንፈሩን ነክሶ መለሰው።

አሁን ምን ያድርግ? ገና ከመጀመሪያው ባቄላውን አብዝቶ ይግፋ ወይስ አሶቹን ይሸሽጋቸው? ሁለት አስ የያዘ ሰው ቶሎ ገፍቶ ደካማ ካርታ የያዙትን ማስጣል አለበት፤ ሌላው በርካሽ ከገባ የማይረባውም ካርታ ጠረጴዛው ላይ ጓደኛ ያገኛል። ይህን ያስተማራቸው ራሱ ዋሴ ነው። ግን ባለፈው ሳምንትም ሁለት አስ ደርሶት፣ ተመስገን ብሎ ሲገፋ ሁሉም ጥለውበት፣ ያ ሁሉ ዕድል ሁለት ፍሬ ባቄላ ብቻ አምጥቶለት ነበር። እንዴት እንደሳቁበት! ሞኙ ደምለው መሸነፍን ሳይሆን ያንን ሳቅ ፈራ።

አንዲት ባቄላ ወርወር አደረገና አዛጋ።

«ምነው ዛሬ ዝም አልህ?» አለ ያርጋል፣ ሦስተኛው ተጫዋች፣ ካርታውን እየጣለ።

ዋሴም ሊጥል እጁን አንሥቶ ነበር። «በአንዲት ባቄላማ ልይ እንጂ» ብሎ ገባ።

ጠረጴዛው ላይ ሦስት ካርታ ተገለጠ፤ ንጉሥ፣ አራት፣ አምስት። ደምለው የቀረችውን ባቄላ ጠራርጎ ገፋ።

ዋሴ ትንሽ አሰበና «በቅሎዋን ጨምር» አለው። «እኔ ሁለቱንም በቅሎዎቼንና የበላሁብህን ተራ ሁሉ አስይዛለሁ።»

«ኧረ በእመቤቴ!» አለች ጤናዬ የአረቄ ጠርሙሱን እንደያዘች። «የአልጣሽ በቅሎ እኮ ናት!»

ደምለው ግን መዳፉ ሥር ያሉትን ሁለት አሶች ብቻ ነበር የሚያስበው። «እሺ» አለ።

ዋሴ አራትና አምስት ገለጠ። ጠረጴዛው ላይ ካሉት ጋር ሁለት ጥንድ ሠርቷል፤ ሁለት ጥንድ ደግሞ አንዱን የአስ ጥንድ ይበልጣል። የቀሩት ሁለት ካርታዎች ቢገለጡም ለደምለው ምንም አላመጡለትም።

«መጀመሪያ ብትገፋ እኮ እጥለው ነበር» አለ ዋሴ፣ ከልቡ አዝኖ። «በአራትና በአምስት ምን እሠራለሁ?» ማዘኑ ግን ደጅ ታስራ የዋለችውን በቅሎ ከመፍታት አላገደውም። ኮርቻው አልተቆመረበትምና አውርዶ ሰጠው።

ደምለው ኮርቻውን ተሸክሞ በጭቃው ወደ ቤቱ ወጣ። ፈጣሪን ሳላመሰግን ብቀር ነው የቀጣኝ እያለ ነበር። ጉድ እኮ ነው፤ የገዛ ስህተቱን በእግዜር ሲያላክክ! ለአልጣሽ ግን ምን ብሎ እንደሚነግራት አያውቅም።

አልጣሽ በረት ውስጥ በቅሎዋ ስትገባ የምትበላውን ድርቆሽ ታዘጋጅ ነበር። የባሏን ኮቴ ሰምታ፣ ቀና ሳትል «እንዴት ዋልህ?» አለችው።

ለዚህ ጥያቄ ደምለው ዕድሜውን ሙሉ የሚመልሰው አንድ መልስ ነው። አሁንም ሳያስበው ከአፉ አመለጠው።

«ተመስገን።»

አልጣሽ ድርቆሹን እንዳቀፈች ዞረች። ትከሻው ላይ ያለውን ኮርቻ አየች፤ ከኋላው ያለውን ባዶ መንገድ አየች።

«ተመስገን?» አለች።