ሁለት ከተመታ በኋላ

አባቴና ግድግዳ የምንጋራው ልብስ ሰፊ ከሃያ ዓመት በላይ ተኳርፈው የኖሩት በመሬት አይደለም፤ በውርስም አይደለም። በሬስሊንግ ነው። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል። ይሳቅ፤ ግን ቶሎ ይጨርስ፣ እኔ ትዕግሥት የለኝም።

ነገሩ የተጀመረው ካዛንቺስ፣ ከቤታችን ሦስት በር አለፍ ብሎ በነበረው ቪዲዮ ቤት ነው። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ፀሐይ እንዳይገባ በሩ ላይ ብርድ ልብስ ይሰቀላል፤ ትልልቆቹ አግዳሚ ላይ፣ እኛ ልጆቹ ሰሌን ላይ እንቀመጣለን። የቤቱ ባለቤት ዓረብ አገር ያለ ዘመዱ የሚልክለትን ካሴት ያሳየናል። ውድድሩን የሚያስተላልፈው ሰውዬ በዓረብኛ ስለሚለፈልፍ የሬስለሮቹን ስም የሚለይ የለም፤ ስም የምናወጣላቸው እኛው ነን። ሪዙ ደረቱ ላይ የሚደርሰው ሪዛሙ ተባለ። ሌላው በቀይ ቁምጣ ስለሚታገል ቀይ ቁምጣ ሆኖ ቀረ። አባቴ ያኔ የመሥሪያ ቤት ሹፌር ነው፤ ቀይ ቁምጣን የሚደግፈው «ሕግ አክብሮ ነው የሚታገለው» እያለ ነበር። ልብስ ሰፊው ደግሞ የሪዛሙ ሰው ነው። «ተርቦ ያደገ ነው፣ ዓይኑን አታዩትም?» ይላል። ጓደኛሞች ነበሩ። አብረው ይገባሉ፣ አንድ አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ፣ እየተሰዳደቡ ይወጣሉ፤ በማግስቱ ቁርስ አብረው ይበላሉ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሁለቱ ለሻምፒዮንነቱ ቀበቶ የሚገናኙበት ካሴት መጣ ተባለ። ቪዲዮ ቤቱ መተንፈሻ አልነበረውም። ግጥሚያው ግማሽ ሰዓት ያህል ቆየ፤ እኔ ሰሌኑን እየነጨሁ ጨረስኩት። በመጨረሻ ቀይ ቁምጣ ከገመዱ ጫፍ ላይ ዘሎ ሪዛሙ ደረት ላይ ወደቀ። ዳኛው ተንበርክኮ ወለሉን መታ፤ ሦስት እስኪመታ የተኛው ትከሻውን ካላነሣ አለቀለት። «አንድ!» አልን ሁላችንም። «ሁለት!» ጣሪያው ተንቀጠቀጠ። የዳኛው እጅ ለሦስተኛ ጊዜ ተነሣ፣ መውረድ ጀመረ፤ ስክሪኑ ተርገበገበና ሙሽራ ወጣች።

ነጭ ቬሎ፣ ጃንጥላ፣ እልልታ። የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት እኅት ሰርግ ነው። ከቤተሰቡ አንዱ ባዶ ካሴት መስሎት ላዩ ላይ ቀድቶበታል።

«ሦስት ነው! አልቋል!» አለ አባቴ ብድግ ብሎ።

«ትከሻውን አንሥቷል! እጁ ሲወርድ ትከሻው አየር ላይ ነበር!» አለ ልብስ ሰፊው።

ከኋላቸው ሙሽሮቹ ኬክ እየቆረሱ እነሱ ይሟገታሉ። ሌላው ሰው ባለቤቱን ሊደበድበው ነው፣ እነሱ ግን ከሁለታቸው ሌላ ሰው አይታያቸውም። አባቴ ሲሸነፍ እንጂ ሲከራከር አይቆጣም፤ ያን ቀን ግን እየተሸነፈ መሰለውና አወጣው፦ «አንተማ ምን ታያለህ? የምትሰፋው ሱሪ ሁሉ አንዱ እግሩ የሚያጥረው በዚህ ዓይንህ አይደል!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ፣ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ያልሳቀው ልብስ ሰፊው ብቻ ነው። ከሚስቁት ውስጥ ሱሪ ሊያሰፉ የለካቸው ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንገቱ ላይ የሚያንጠለጥላትን ሜትር ጠቅልሎ ኪሱ ከተተና «ከዛሬ ጀምሮ ለአንተ ቤት በመርፌ ክር ባስገባ እጄ ይድረቅ!» ብሎ ወጣ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። የእኔ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ከዚያ ወዲያ ሜክሲኮ ድረስ ተወስዶ ይሰፋ ጀመር፤ ሁልጊዜ ትልቅ ሆኖ ይመጣል።

እንግዲህ ተጣሉ። ግድግዳው ግን አንድ ነው፣ ያውም የጭቃ። ዲሽ ሲገባ ሁለቱም አስገቡ፤ ሬስሊንግ ባለበት ቀን ሁለቱም የየቤታቸውን ቴሌቪዥን ይከፍታሉ። አባቴ ለእኔ የሚያወራ መስሎ፣ ቄራ ድረስ በሚሰማ ድምፅ «አየሽ ልጄ? ንጹሕ ትግል ማለት ይኼ ነው!» ይላል። ከወዲያ ልብስ ሰፊው ለሚስቱ የሚያወራ መስሎ «አንዳንድ ሰው ከሰርግ በቀር ሌላ አይቶ አያውቅም!» ብሎ ይመልሳል። እንዲህ እየተባባሉ እኔ አደግኩ፣ ሥራ ያዝኩ፣ እነሱ አረጁ። አንድ ክረምት የልብስ ሰፊው ዲሽ በነፋስ ወደቀና ወር ሙሉ ሳይሠራ ቆየ። አባቴ ያን ወር ሙሉ፣ አጠገቡ ተቀምጬ የማየውን ነገር ሁሉ በጩኸት ይነግረኝ ነበር። «አሁን ገመዱ ላይ ወጣ! አሁን ወንበር አነሣ! ኧረ መታው!» ከወዲያ ምንም ድምፅ አይሰማም፤ ያለወትሮው ጸጥ ብለው ነበር የሚያዳምጡት።

አምና ሰፈራችን ሊነሣ ነው ተባለ። እኛ በከተማው አንድ ጫፍ፣ ልብስ ሰፊው በሌላው ጫፍ ቤት ደረሰን። የዚያን እሑድ አባቴ ትልቁ ግጥሚያ ሳይጀመር ቴሌቪዥኑን አጠፋው። ደነገጥኩ።

«አባዬ፣ ምነው?»

«ኧረ ተይው። ከእንግዲህ ማንን ላናድድበት?»

አንጀቴን በላው። ሁለት ሽማግሌዎች በአንዲት ትከሻ ምክንያት ሳይነጋገሩ ተለያይተው ሊሞቱ ነው ብዬ አሰብኩና ተናደድኩ፤ እኔ ስናደድ ደግሞ ዝም ብዬ አልቀመጥም።

ቂርቆስ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ የሬስሊንግ ወዳጆች እሑድ እሑድ የምንሰበሰብበት ፀጉር ቤት አለ። ሴት እኔ ብቻ ነኝ። መጀመሪያ የሄድኩ ቀን አንዱ «አንቺ ደግሞ ሬስሊንግ ምን ይገባሻል?» ብሎኝ ነበር፤ የአሥር ዓመት ባለ ቀበቶዎችን በተርታ ስጠራለት ወንበሩን ለቀቀልኝ። እዚያ ቤት ክርክሩ አንድ ነው፦ የድሮው ወይስ የዘንድሮው? ባለቤቱ የዘንድሮው ወገን ነው። ሲሟሟቅ ምላጩን ይዞ ደንበኛውን ይረሳዋል።

«የድሮዎቹ ጡንቻ ብቻ ናቸው በቃ! ታሪክ የላቸውም፣ ስቶሪ የለም!»

«የዘንድሮዎቹስ? ማይክ ይዘው ሲያወሩ ነው የሚያመሹት። ማለቴ፣ ይታገሉ እንጂ!»

«ወንድሜ፣ መጀመሪያ ግማሽ ጢሜን ጨርስልኝ፣ ሼም ነው!»

የአባቴን ታሪክ ስነግራቸው ባለቤቱ ምላጩን አስቀመጠ። ከዚያ ሁሉም ስልኩን አወጣ። ስም የለንም፤ ያለን አንድ ሪዝና አንድ ቁምጣ ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ «ይኼ ነው?» እያሉ ይልኩልኛል፤ እኔ «አይደለም፣ ሪዙ ያጥራል»፣ «አይደለም፣ ቁምጣው ብርቱካናማ ነው» እላለሁ። በሦስተኛው ሳምንት ከመስቀል አደባባይ ታክሲ ይዤ ወደ ቤት ስመለስ ባለ ፀጉር ቤቱ አንድ ቪዲዮ ላከልኝ። ከፈትኩት። ሪዛሙ! ቀይ ቁምጣ! እንዲያ ስጮህ ሾፌሩ ፍሬን ያዘ።

«እኅት፣ ምን ሆንሽ?» አለኝ ረዳቱ።

«ምንም! ንዳው! ተገኝቷል!»

ዳኛው አንድ መታ፣ ሁለት መታ። እጁ ለሦስተኛው ሲወርድ የሪዛሙ ቀኝ ትከሻ ከወለሉ አንድ ስንዝር ያህል ተነሣ። ጥርት ብሎ ይታያል። ሐሞቴ ፈሰሰ። አባቴ ተሳስቷል። ይህን ሁሉ ዓመት ተሳስቷል። ጣቴን ማጥፊያው ላይ አሳርፌ ሁለት ፌርማታ ያህል ሄድኩ። ብደብቀው አባቴ እንደ ኮራ ይቀራል፤ የሚያናድደው ሰው ግን አይኖረውም። አላጠፋሁትም።

ማታ ቤታችን መሀል ቆምኩና ወደ ግድግዳው ዞሬ ጮኽኩ። «ካሴቱ ተገኝቷል! መጨረሻው አለ! እሑድ ስምንት ሰዓት ቂርቆስ ፀጉር ቤት ይታያል!»

ሁለቱም ቴሌቪዥኖች ተዘጉ።

«አንቺ አይተሽዋል?» አለኝ አባቴ በሹክሹክታ።

«አላየሁም» ብዬ ዋሸሁ።

ደረቱን ነፋ። «ከተሳሳትኩ ድንጋይ ተሸክሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ!» አለ፣ ግድግዳውን እያየ። ከወዲያ «እኔም!» የሚል መጣ። ከተጣሉ ወዲህ በቀጥታ ለአባቴ የተባለች የመጀመሪያዋ ቃል እሷ ናት።

እሑድ ፀጉር ቤቱ እግር ማሳረፊያ አልነበረውም። አባቴ ካፖርቱን ደርቦ፣ ከታች እግሩን ያጠፈውን ሰልባጅ ሱሪውን ለብሶ መጣ። ልብስ ሰፊው ራሱ የሰፋውን ግራጫ ሙሉ ልብስ ነው የለበሰው፤ እውነት ለመናገር ያማረ ነበር። በሁለት ጫፍ ተቀምጠው በመስታወት ይተያያሉ። ባለ ፀጉር ቤቱ ስልኩን ከቴሌቪዥኑ ጋር ሲያገናኝ ከወጣቶቹ አንዱን አላስችል አለው።

«ጋሼ፣ ውጤቱ እኮ ቀድሞ የተወሰነ ነው። ድራማ ነው።»

«ሰርግስ ቀድሞ የተወሰነ አይደለም?» አለ አባቴ ሳይዞር። «ታዲያ ለምን ይለቀሳል?»

ልብስ ሰፊው ሳያስበው ፈገግ አለ። በመስታወቱ አየሁት።

ተጀመረ። ቀይ ቁምጣ ገመዱ ላይ ሲወጣ ሠላሳ ሰው ቆመ። «አንድ!» መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። «ሁለት!» እዚህ ላይ እኔና ሁለቱ ሽማግሌዎች አፋችንን ይዘን ሙሽራዋን ጠበቅን። አልመጣችም። የዳኛው እጅ ወረደ፣ ትከሻው ተነሣ፤ ቤቱ በጩኸት ተናጋ። የማይተዋወቁ ሰዎች ይተቃቀፋሉ። ባለ ፀጉር ቤቱ መልሶ አሳየው፣ ደግሞም አሳየው።

ልብስ ሰፊው ግን አልጨፈረም። መነጽሩን አውልቆ ይጠርግ ጀመር። አባቴ ስክሪኑን እያየ «እስቲ አንዴ ድገመው» አለ። አየ። ተነሣና ወጣ። ጥሎ ሄደ ብዬ ልከተለው ስል በሩን ደግፎ የሚይዘውን ድንጋይ አንሥቶ ተመለሰ።

ድንጋዩን ትከሻው ላይ አደረገና ልብስ ሰፊው ፊት ተንበረከከ። ጉልበቱ እንደሚያመው ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

«በሰው ፊት ሙያህን ሰደብኩ» አለ። «ትከሻውን አላየሁም፣ እሺ። የሱሪው ነገር ግን እያወቅኩ የዋሸሁት ነው። የሰፋህልኝ ሱሪ አንድ ቀን አጥሮ አያውቅም።»

እኔ ይህን አልጠበቅኩም። ልብስ ሰፊውም አልጠበቀም መሰለኝ፤ መነጽሩን እንደ ያዘ ደርቆ ቀረ። ድንጋዩ ከባድ ነው፣ የአባቴ አንገት ይንቀጠቀጣል። ያን ጊዜ ከኋላ አንዱ ቀስ ብሎ «አንድ...» አለ። እሳት ለብሼ ዞርኩ፣ ልሰድበው ነበር። ግን ሌሎቹም ተቀበሉት። «ሁለት...» አሉ ሁሉም፣ ቀስ ብለው፣ እየለመኑ።

ልብስ ሰፊው ወንበሩን ገልብጦ ተወረወረ። በአንድ እጁ ድንጋዩን ጣለ፣ በሌላው የአባቴን ትከሻ ይዞ ወደ ላይ ሳበው።

«ተነሥቷል!» ብሎ ጮኸ። «ትከሻው ተነሥቷል! አየር ላይ ነው!»

ከዚያ በኋላ የሆነውን በደንብ አላየሁም፤ አለቅስ ነበር። ሲረጋጋ ልብስ ሰፊው ከአባቴ ራቅ ብሎ ቆሞ ቁልቁል ያየዋል።

«ይኼን ሱሪ ማነው የሰፋው?»

«ሰልባጅ ነው።»

«አንዱ እግሩ ያጥራል» አለና ከዚያ ካማረ ኮቱ ኪስ ሜትር አወጣ።

«መሐላህስ?» አልኩት፤ አፌ አያርፍም።

«ምያለሁ፣ ክር አላስገባም። ክሩን አንቺ ታስገቢልኛለሽ» አለኝ ተንበርክኮ እየለካ። «ዓይኔ እንደሆነ አባትሽ እንዳለው ነው፣ አሁንስ አያይም።»

ማክሰኞ ዕለት ልብስ ሰፊው ሱቅ ሄድኩ። የሱቁ ዕቃ ግማሹ ተጭኗል፤ የቀረው ስፌት መኪናው፣ ሁለት ዱካና ሁለት ሽማግሌ ነው። ዘንድሮ ቀበቶውን የያዘው ሰው ይገባዋል አይገባውም እያሉ በአንድ ላይ ይጮኻሉ፤ በመሀላቸው ግድግዳ ባይኖርም ድምፅ መቀነስ ያለባቸው አይመስላቸውም። እኔ መርፌው ላይ ጎንበስ ብያለሁ። አንዴ ሳትኩ። ልብስ ሰፊው ወሬውን አቋርጦ «አንድ!» አለ። ደግሜ ሳትኩ። «ሁለት!» አሉ አብረው።

ክሩ ገባ።