ምች የፈራንባት ፀሐይ

ደሴ፣ ሆጤ ካለው ሱቄ አስረው ኮምቦልቻ ሲያወርዱኝ ያስገቡኝ መስኮት የሌለው የእህል መጋዘን ነው። በሩ እንደተዘጋብኝ መጀመሪያ የሰማሁት ሳል ነበር። የሚያስሉት አንድ የኩታበር ገበሬ ናቸው፤ ሽማግሌ፣ ከሲታ።

ሦስት ወር ሙሉ ወደ ውጭ አላወጡንም። ከዚያ በቀን ሩብ ሰዓት፣ ረፋድ ላይ፣ ግቢው ውስጥ እንድንቆም ተፈቀደልን። እኛስ ምን አደረግን? ከጨለማ ወጥተን ምች እንዳይመታን ብለን፣ ጋቢያችንን እስከ ዓይናችን ተከናንበን ጥላ ስር ተኮለኮልን! አሁን ሳስበው ያስቀኛል።

አብሮን የታሰረ አንድ ጤና መኮንን ነበር። ሽማግሌው እንዲታከሙ ጠባቂውን በየቀኑ ይለምናል፤ መልሱ ሁልጊዜ «ነገ» ነው። ያን ቀን ልመናውን ትቶ ወደ ሽማግሌው ዞረ።

«አባቴ፣ ጋቢዎን አውርደው ፀሐይ ይሙቁ።»

«ምች ቢመታኝስ? ወላሂ፣ የቀረችኝ ትንፋሽ ይቺው ናት።»

«ቆዳዎ ከፀሐይ ቫይታሚን ዲ ይሠራል። ደምዎ ውስጥ በሽታ የሚዋጉ ሕዋሳት አሉ፤ ተህዋሱን የሚገድሉበትን ነገር ለማምረት ይህን ቫይታሚን ይፈልጋሉ። መድኃኒት አይተካም። ሐኪም ቤት እስኪወስዱዎት ግን ሰውነትዎ ባዶ እጁን አይዋጋ።»

ሽማግሌው ክንዳቸውን አገላብጠው አዩት።

«ሱብሃነላህ! ይኼ ያረጀ ቆዳ? እኔ ሳላዘው?»

«ሳያዙት።»

ይህን ትምህርት ቤት ለፈተና ሸምድጄው ነበር። ያን ቀን ግን እንደ አዲስ ሰማሁት። በር የሚዘጉብን ሰዎች የማያውቁት፣ እኛም ያላዘዝነው ሥራ በገዛ ቆዳችን ላይ እየተሠራ ነበር።

ሽማግሌው ሸሚዛቸውን ሲያወልቁ ጎድናቸው ይቆጠራል። ብቻቸውን እንዳያፍሩ ሁላችንም አወለቅን።

ጠባቂው እየሮጠ መጣ። «ምን ሆናችኋል? ልበሱ!»

«ሥራ ላይ ነን፣ ልጄ» አሉት ሽማግሌው፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

አፍጥጦ አየንና ተመልሶ ጥላው ስር ቆመ።

በሳምንቱ ሐኪም ቤት ወሰዷቸው። የሳንባ ነቀርሳ ነበር። ያዳናቸው መድኃኒቱ ነው፤ ፀሐይዋ ምን ያህል እንዳገዘች ጤና መኮንኑም አያውቅም።

ከተፈታን በኋላ፣ ባለፈው ወር ኩታበር ሄጄ ጠየቅኋቸው። ሳሉ የለም። ስለ እስሩ ብዙም አላወሩኝም፤ ልሰናበታቸው ስነሳ ግን እጄን ያዙኝ።

«ያ ጠባቂ ልጅ ልብሱን እስከ አንገቱ ቆልፎ ጥላ ውስጥ ነበር የሚውለው። ‹ፀሐይ ሙቅ› የሚለው ሰው አግኝቶ ይሆን?»

እኔ ያን ሰው እስከዛሬ ስጠላው ነው የኖርኩት።