አያ ጅቦ አጠገብ የተደረገ እርቅ

አሠሪያችንን ፊት ለፊት «ጋሼ» እና «እርስዎ» እንለው ነበር። እዚህ ግን «እሱ» ብዬ እጽፈዋለሁ። ክብር ለሚገባው ነው፤ ለሱ የሚተርፍ የለኝም።

መካነ ሰላም ዳር ባለ የቆርቆሮ አዳራሽ ውስጥ ካርቶን እንሠራለን። ወፍራሙ ወረቀት በጭነት መኪና ይመጣል፤ እኛ ቆርጠን፣ አጥፈን፣ አጣብቀን የሳሙናና የሻማ ማሸጊያ እናደርገዋለን። ከማሽኖቹ ሁሉ የምንፈራው አንዱን ነው። ሁለት ሰፋፊ ብረቶች አሉት፤ አንደኛው ላይ ስለት ተደርድሯል። ሲከፈት ወረቀቱን ታስገቢያለሽ፣ ሲዘጋ ይቆርጠዋል፣ ሲከፈት ታወጪያለሽ። እየተከፈተና እየተዘጋ ይውላል እንጂ አንቺን አይጠብቅም። ስሙን አያ ጅቦ ብለነዋል።

አያ ጅቦ ሲመጣ አፉ ላይ አንድ ቀጭን ዘንግ ነበረው። እጅ ወይም ክንድ ሲነካው ማሽኑ ቀጥ ይላል። አሠሪያችን ይህን ዘንግ ገና ከጅምሩ ጠላው። ቀሚስ ቢነካው ይቆማል፣ የወረቀት ጫፍ ቢነካው ይቆማል፣ ሥራ ይጓተታል። «ይሄ ዘንግ ፈሪ ነው» አለና መካኒኩን አዝዞ በአጥር ሽቦ ወደ ኋላ አሳሰረው። በዚያው ሰሞን በሩ ላይ «ደህንነት ይቅደም» የሚል ጽሑፍ ሰቀለ፤ ያውም በራሳችን ካርቶን ላይ የተጻፈ። ክረምቱ ሲገባ ዝናብ አራሰውና ደህንነቱ ረግፎ «ይቅደም» ብቻ ቀረ። እንግዳ የሚመጣ ቀን ደግሞ ጓንት ያድለናል፤ እንግዳው ሲሄድ ይሰበስበዋል።

ማሽኑ ላይ የምትቆመው ባልንጀራዬ ነበረች። የአቀስታ ልጅ ናት፤ አንድ ክፍል ተከራይተን አብረን እንኖር ነበር። አንድ ረፋድ ላይ ካርቶን ተጣሞ ገባባትና ልታቃናው እጇን ሰደደች። ዘንጉ በቦታው ቢሆን ክንዷ ይነካውና ማሽኑ ይቆም ነበር። ዘንጉ ግን ታስሯል። የቀኝ እጇ ሦስት ጣቶች እዚያው ቀሩ።

ጩኸታችንን ሰምቶ ከቢሮው ሲወጣ መጀመሪያ ያየው ማሽኑን ነው። ደህና መሆኑን አረጋገጠና «ልጅቱ ቸኮለች» አለ። ጠዋት ማታ «ቶሎ ቶሎ» ሲለን የሚውለው ማን ሆነና ነው? እንዲህ ያለ ሰው ዓይኑን በጨው አጥቧል ይባላል፤ የሱ ግን ጨውም የበቃው አይመስለኝም።

ደሴ ታክማ ስትመለስ ሽማግሌ ላከባት። በኛ አገር የበደለ ሰው አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ በተበዳዩ ደጅ ይቆማል። የተበደለው «አፉ ብያለሁ» ሲል ድንጋዩ ይወርዳል፣ ነገሩም ያበቃል። ደም እንኳ በዚህ ሲደርቅ አይቻለሁ፤ ባህሉን አልንቅም። የምንቀው የሚነግድበትን ነው። እርቅ ከወረደ በኋላ ያንን ነገር ዳግም የሚያነሣ እርቅ አፍራሽ ይባላል፤ ሰው ይሸሸዋል። እሱ ይህን አሳምሮ ያውቃል። አንዴ አፉ ከተባለለት ስለ ሽቦው ትንፍሽ የሚል አይኖርም። ከሰኞ ጀምሮ ደግሞ በባልንጀራዬ ቦታ አያ ጅቦ ፊት እንድቆም የታዘዝኩት እኔ ነኝ። ሽቦው ይፈታ ብዬ ብጠይቀው «ካልተስማማሽ በሩ ያውልሽ» ብሎኛል።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሎቹ መጡ፤ አንድ ቄስ፣ አንድ ሼህ፣ አንድ የእህል ነጋዴ። እሱ በባጃጅ ተከተላቸው። ድንጋዩን ጭኑ ላይ አስቀምጦ መጥቶ፣ በራችን ላይ ሲወርድ አንገቱ ላይ አደረገው። ድንጋይ ተባለ እንጂ ለበር መደገፊያ እንኳ አይሆንም። አዲስ ኮት ለብሷል፤ ኮቱ አቧራ እንዳይነካው ከድንጋዩ ሥር መሀረብ አንጥፏል።

አባቷ ከአቀስታ መጥተው ነበር። ሽማግሌ ደጅ ላይ ሲያዩ ተነሥተው ጋቢያቸውን አደገደጉ። ቄሱ ስለ እግዚአብሔር፣ ሼሁ ስለ አላህ ብለው ለመኑ። ነጋዴው ጭራሽ ሊያጽናናት ፈልጎ ፈጣሪ የጻፈባት ነገር መሆኑን ነገራት። ፈጣሪ ሽቦ ሲያስር አላየንም፤ ያየነው መካኒኩን ነው። ስለ ዘንጉ ግን አንድም ሰው አልተናገረም።

ባልንጀራዬ በጨርቅ የተጠቀለለ እጇን አቅፋ ሁሉንም ሰማች። ከዚያ ዝግ ብላ፣ ሽማግሌ እንደማትመልስ፣ አፉ እንደምትል፣ እርቁ ግን ማሽኑ አጠገብ እንዲሆንላት ለመነች። ሽማግሎቹ ተያዩ። ሼሁ ሐቋ ነው አሉ፤ የተበደለ ሰው የእርቁን ቦታ ቢመርጥ ነውር የለውም። እሱ ሰንበት ነው፣ ዝግ ነው ብሎ ሊያመልጥ ሞከረ። ቁልፉ ግን ቀበቶው ላይ ተንጠልጥሎ ነበርና ቄሱ በጣታቸው ወደ ቁልፉ አመለከቱ።

አዳራሹ ስንደርስ መካኒኩ ተጠርቶ መጣና አያ ጅቦን አስነሣው። አዳራሹ ባዶ ስለነበር ድምፁ ከወትሮው በረታ። ሽማግሎቹ ብረቱ ሲከፈትና ሲዘጋ አይተው ወደ ኋላ ሸሸት አሉ። ባልንጀራዬ በግራ እጇ አንድ ካርቶን አንሥታ ሰጠችው።

«ጋሼ፣ አንዲት ብቻ ያስገቡልኝ። አይቸኩሉ» አለችው።

አፉ ሳይባል ድንጋዩን ራሱ አወረደና ካርቶኑን ተቀበለ። ብረቱ ተከፈተ፤ እጁን ዘረጋ፤ ሰበሰበ። ብረቱ ተዘጋ። ደግሞ ተከፈተ፤ ደግሞ ዘርግቶ ሰበሰበ። ኮቱን አወለቀ። ግንባሩን ላብ አጠመቀው። እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ፤ ዛሬም ሳስበው ደስ ይለኛል። የሳቀበት የለም፤ ቶሎ በል ያለውም የለም። በመጨረሻ ወደ መካኒኩ ዞር ብሎ፣ እኛ የማንሰማው መስሎት፣ «ሽቦውን ፍታው» አለ።

መካኒኩ በፒንሳ ቆረጠው። አንዴ ነው የጨመቀው። ዘንጉ ወደ ቦታው ተመለሰ።

ሼሁ ወደ ባልንጀራዬ ዞረው «በይ ልጄ፣ አሁን አፉ በይ» አሏት። እሷም ሽማግሎቹን እንጂ እሱን አላየችም።

«አፉ ብያለሁ አባቶቼ» አለች። «ጋሼ እጃቸውን ይወዳሉ። እኔም የኔን እወደው ነበር።»