አብርሽ ፀጉር ቤት «ክፍት ነው» ይላል

ትናንት የሂሳብ መምህራችን ገብተው «ዛሬ ሂሳብ የለም» ሲሉ ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ። ከኋላቸው አንድ ወጣት እንግዳ ታብሌቶች ታቅፎ ገባ። እኛ ተማሪዎች የስልክ ካርታን ምን ያህል እንደምንረዳና እንደምንጠቀም ሊመዝን ከአዲስ አበባ ነው የመጣው።

እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። ታላቅ ወንድሜ ከሞተ ወዲህ ሐሳቤ ሌላ ነገር ላይ ሲያርፍ ያ የመጀመሪያው ነበር።

መጀመሪያ ቀላል ቀላሉን ጠየቀን። ከትምህርት ቤታችን ፋሲል ግንብ በእግር በየት በኩል ይቀርባል፣ ከዳባትና ከደባርቅ የቱ ይቀድማል... ከዚያ እንዲህ አለ።

«አሁን ደግሞ እዚህ አቅራቢያ ብዙ ኮከብ ያለውን ፀጉር ቤት ፈልጉ። በዚህ ሰዓት ክፍት ነው ወይስ ዝግ?»

ታብሌቱን ነካሁት... አብርሽ ፀጉር ቤት። ፎቶው ላይ ወንድሜ መቀሱን እንደያዘ በሩ ላይ ቆሞ ይስቃል።

ፀጉር ቤቱን ካርታው ላይ ያስገባነው አብረን ነው። ኮከቡንም ጓደኞቼን ሳይቀር እየለመነ ሰበሰበ። እኔ ሰዓቱን ስሞላ «ከጠዋቱ ሁለት እስከ ማታ ሁለት በል» አለኝ።

«እሁድስ?»

«እሁድም! እሁድ ፀጉር አያድግም?»

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ከአልጋው ወርዶ አያውቅም እኮ!

ጥር ላይ ድብ ባሕር የሚያገባ ጓደኛውን ፀጉር ሊቆርጥ ማሽኑን በቦርሳ ይዞ ሄደ። ሊማሊሞ ላይ የተሳፈረበት መኪና ገደል ገባ። ከዚያ ወዲህ ፀጉር ቤቱ ተከፍቶ አያውቅም።

ዙሪያዬን አየሁ። ሁሉም ያውቃል። የለቅሶው ድንኳን ውስጥ ያልተቀመጠ የክፍሌ ልጅ የለም። አጠገቤ የተቀመጠው ጓደኛዬ ይበልጣል ሬሳ ሳጥኑን ከተሸከሙት አንዱ ነው። አንገቱን ደፋና... «ክፍት» የሚለውን ነካ።

እኔ «ዝግ» አልኩ።

እንግዳው መልሳችንን አይቶ ፈገግ አለ። «ጎበዞች! ከአንድ ልጅ በቀር ሁላችሁም ልክ ናችሁ። ማነው ዝግ ያለው?»

እጄን አወጣሁ።

«ካርታው ምን ይላል?»

«ክፍት ነው ይላል።»

«ታዲያ?»

«ዝግ ነው።»

«እኔ የጠየቅኩህ ካርታው የሚለውን ነው» አለኝ ሳይቆጣ። «ካርታ ማንበብ ትንሽ ይቀርሃል። በርታ፣ እሺ?»

አንድ ሰው እስኪናገር ጠበቅሁ... ሁሉም ታብሌቱ ላይ አቀረቀረ። መምህራችን እንኳ መስኮት መስኮቱን አዩ።

በእረፍት ይበልጣል ተከትሎኝ ወጣ። «ምነው ተቀየምከኝ? ምን ላድርግ... መልሱ እኮ እሱ ነው።»

«ሸጋ መልስ ነው» ብዬው ጥዬው ሄድኩ።

ከትምህርት ቤት ስንወጣ እግሬ እንደ ልማዱ በፀጉር ቤቱ በኩል ወሰደኝ። አንድ ሰው የቆርቆሮውን በር ያንኳኳል። እንግዳው ነው! በአንድ እጁ ስልኩን ይዟል። ፀጉሩ እውነትም አድጓል።

«አንተ! ክፍት ነው ይላል እኮ» አለኝ። «ባለቤቱን ታውቀዋለህ?»

«አውቀዋለሁ።»

«የት ሄዶ ነው?»

«ድብ ባሕር። ሙሽራ ሊቆርጥ።»

«መቼ ይመጣል?»

ልነግረው አፌን ከፈትኩ... ግን ክፍል ውስጥ ያለኝ ትዝ አለኝ።

«ካርታውን ይጠይቁት» አልኩ።

የምሬን መስሎት ስልኩን አየ። «እስከ ሁለት ሰዓት ክፍት ነው ነው የሚለው» አለና ደረጃው ላይ ተቀመጠ። «በቃ፣ ትንሽ ልጠብቀው።»

ይጠብቀው... እናቴም ከጥር ጀምሮ ቤት እየጠበቀችው ነው።