ለአምናው ጭቃ የተገዛ ጎማ

በእድራችን ውስጥ ሥልጣን ኖሮኝ አያውቅም። ዳኛ አልሆንኩ፣ ጸሐፊ አልሆንኩ፤ ገንዘብ ያዥ እንድሆንማ ማንም አላሰበኝም፣ ልክ ናቸው። የነበረኝ መኪና ነው። ሰው ሲሞት ድንኳኑን፣ ብረቱንና ወንበሮቹን ከካዛንቺሱ መጋዘን አንስቶ ለቅሶ ቤት የሚያደርሰው የእኔ አሮጌ ፎር ዊል ፒካፕ ነበር። ሐዘንተኛው ገና አልቅሶ ሳይወጣለት እኔ ደጃፉ ላይ እቆማለሁ። ትልቅ ነገር አይደለም፤ ግን በዚህ ዕድሜ የሚያኮራ ነገር ከተገኘ አይመረጥም።

አምና ክረምት ኩራቴ ጭቃ ውስጥ ገባ። የካዛንቺስ ግማሹ ፈርሶ፣ መንገዱ ተቆፋፍሮ ነበር። ድንኳን እንደጫንኩ ከመጋዘኑ ሃምሳ ሜትር እንኳ ሳልርቅ ሰመጥኩ። በአራቱም ጎማ ስረግጠው በአራቱም ጎማ ቆፈረ። ሐዘንተኛ ዝናብ ላይ ቆሞ ጠበቀን።

ጸሐፊያችን ጡረታ የወጣች የሒሳብ አስተማሪ ናት። እኩያዬ ናት፤ ስታናግረኝ ግን የቤት ሥራ ያልሠራሁ ይመስለኛል። በስብሰባው ላይ፣ «አንድ ጊዜ ብቻ ይህን ድገመውና መኪና እንከራያለን» አለች። ስለዚህ ዘንድሮ ሰኔ ሲገባ ጎማ ልቀይር ቡልጋሪያ ሰፈር ወደሚገኝ ጎሚስታ ሄድኩ።

«ፋዘር፣ የት የት ነው የሚነዱት?» አለኝ ጎሚስታው።

«ካዛንቺስ።»

«ካዛንቺስማ አሁን አስፋልት በአስፋልት ሆነ እኮ። ማለቴ፣ የእርስዎ ጎማ ራሱ ገና ነው። የግድ እቀይራለሁ ካሉ ውሃ የሚያስወጣ ቀጫጭን መስመር ያለው ይሻልዎታል።»

«የካዛንቺስን ጭቃ ለእኔ ታስተምረኛለህ?» አልኩት። ከወደ ጥጉ የተደረደሩትን፣ ጥርሳቸው እንደ ጡብ የተገጠገጠውን አሳየሁት። «እነዚያን አውርድ።»

«እሱ ገጠር ለሚወጣ ሰው ነው። ደግሞ ቆይቷል። ጎኑ ላይ ያሉትን አራት ቁጥሮች ይዩዋቸው፣ የተሠራበት ሳምንትና ዓመት ነው።»

ጎንበስ አልኩ። መነጽሬ ኪሴ ውስጥ አለ። ግን እሱ ፊት አውጥቼ፣ ጠርጌ፣ አፍንጫዬ ላይ ሰክቼ የሽማግሌ ነገር ልሥራ? «አየሁት» አልኩ። ያየሁት ጥቁር ነገር ነው።

የድሮዎቹን ጎማዎች እዚያው ተውኳቸው። አንደኛው ጎኑ ላይ አረንጓዴ ቀለም አለበት፤ የገዛ ግቢዬን በር አንድ ቀን ፈትጌው ነው።

ከዚያ ጭቃ መጠበቅ ጀመርኩ። ሐምሌ መጣ፣ ዝናቡ ወረደ፤ አስፋልቱ ታጥቦ ከማብረቅረቅ በቀር ምንም አልሆነም። ጎማዬ በዚያ ልስልስ መንገድ ላይ እንደ ወፍጮ ቤት ያጓራል፤ እግረኛው ምን መጣ ብሎ ይዞራል። ሰው ጭቃው ጠፋ ብሎ ሲደሰት እኔ አለመኖሩ አናደደኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል፤ ውሻው ቢያንስ ጎማ አልገዛም።

ነሐሴ ላይ ኦሎምፒያ ጀርባ የምትኖር አንዲት እድርተኛችን አረፈች። ጫንን፤ ጸሐፊዋ መዝገቧን ታቅፋ አጠገቤ ተቀመጠች። ዝናቡ ይወርዳል። ቁልቁለቱን ስንጀምር፣

«ቀስ በል» አለችኝ።

«አይዞሽ፣ አራቱንም ጎማ አስገብቻለሁ።»

ከፊታችን አንድ ሚኒባስ ቆመ። ፍሬን ረገጥኩ። መኪናው መንገዱን ቀጠለ። ደግሜ ረገጥኩ፤ እንዲያውም የፈጠነ መሰለኝ። ሚኒባሱን ላለመግጨት መሪውን ወደ ዳር ስጠመዝዝ አዲሱን የመንገድ ጠርዝ ወጣና አበባ ውስጥ ገብቶ ቆመ። በሕይወቴ አበባ ላይ ስቆም የመጀመሪያዬ ነው። ማንም አልተጎዳም፤ አንድ ወንበር ብቻ ወርዶ ብቻውን ወደ ኦሎምፒያ ተንሸራተተ።



«አራቱንም አስገብተሃል?» አለች።

«አስገብቻለሁ። አራቱም ተስማምተው ነው የተንሸራተቱት።»

ወረደች። የእሷ መነጽር አፍንጫዋ ላይ ነው። ዝናብ ላይ ጎንበስ ብላ የጎማውን ጎን አነበበች፤ ከዚያ በጥፍሯ ጫን አደረገችው። «አንተ፣ ይሄ ጎማ የተሠራው እኮ ጡረታ በወጣህበት ዓመት ነው። ደርቆ ድንጋይ ሆኗል።»

«ጥርሱ ግን ሙሉ ነው» አልኩ።

«ጥርሱማ ሙሉ ነው» አለችና መዝገቧን ደረቷ ላይ አጠበቀችው።

ልንገጨው የነበረው ሚኒባስ ሹፌር ተሳፋሪዎቹን አስፈቅዶ ድንኳናችንን ጣሪያው ላይ፣ ወንበሮቹን ደግሞ በየሰዉ ጭን ላይ ጭኖ ወሰደ። ጸሐፊዋ ልትሳፈር ስትል ዞር ብላ፣ «ስብሰባው እሁድ ነው» ብቻ አለችኝ። እኔ ከትራፊክ ፖሊሱ ጋር አበባውን እያየን ቀረሁ። ፖሊሱ ጨዋ ልጅ ነው። «አባባ፣ ምን ፈልገው ነው እዚህ የወጡት?» አለኝ።

እሁድ መኪና መከራየት አለብን የሚል ሐሳብ ቀረበ። እጅ ይውጣ ሲባል ሁሉም አወጣ። እኔም አወጣሁ፤ ብቻዬን ተቃውሜ ከመታየት ብዬ ነው። ቤት ገብቼ መነጽሬን አድርጌ የጎማዬን ቁጥር አነበብኩት። እውነቷን ነው። ተናድጄ በእርግጫ ብለው ጣቴን አመመኝ።

የሚቀጥለው ለቅሶ ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም ነበር። እንደ ማንኛውም እድርተኛ በእግሬ ሄድኩ። የተከራየነው ፒካፕ የረጠበውን ቁልቁለት ወርዶ፣ ደጃፉ ጋ ፍሬን ያዘና ክችም አለ። እዚያው የቆመበት። ቀናሁ፤ ምን ይዋሻል። የሰው ሚስት የማይ ይመስል ከሥር ከሥሩ ጎማውን ሰረቅ አድርጌ ሳይ፣ የኋለኛው ጎን ላይ አረንጓዴ ቀለም አየሁ።

«ምን ጠፋብዎት ጋሼ?» አለ ሹፌሩ።

«ምንም። ጎማህን የት ነው የገዛኸው?»

«ቡልጋሪያ። ያገለገለ ነው፤ ግን ለክረምት እንደሱ የሚይዝ የለም፣ በቃ። አንድ ምንም የማይገባቸው ሽማግሌ ጥለውት ሄዱ አለኝ ጎሚስታው።»

«የማይገባቸው ናቸው» አልኩት።

ጸሐፊዋ ከድንኳኑ ሥር፣ «አንተ፣ ወንበሩ እኮ እየረጠበ ነው» ብላ ተጣራች። አራት ወንበር በአንድ ጊዜ አነሳሁ። ሁለት እርምጃ ሄጄ ሁለቱን መለስኩ።